በግራ የተገመደ ገመድ

እርጥብ ቃጫ ምድጃ ዳር ተሰቅሎ ሲደርቅ የሚሰጠው ኮምጠጥ ያለ ሽታ፣ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬ ስር ይደርሳል። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ወደ ጉብሬ የሚወስደውን መንገድ ጭቃ ሲያደርገውና ከብቶቹ ሳይቀሩ ከቤት አንወጣም ሲሉ፣ እናቴ ከእንሰቱ ፍቃ ያወጣችውን ቃጫ አጥባ፣ አድርቃና አበጥራ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ታከፋፍለን ነበር።

አባቴን ጣልያን በገባበት ዓመት አጥተን ስለነበር ክረምቱን የምንገፋው በእጃችን ሥራ ነው። እናቴ ገመድና የላም ማሰሪያ ትገምዳለች፣ እኔ ለድስትና ለእንስራ ማስቀመጫ ማቶት እጠቀልላለሁ፣ ወንድሜ ደግሞ ቃጫውን ይይዝልናል ተብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያወሳስበው ይውል ነበር። ዝናብ ሲያባራ ኮባ ቆርጠን ራሳችን ላይ ደፍተን እንወጣለን፣ ሲመለስ እየሮጥን እንገባለን፣ ከተረፈው ቃጫ አሻንጉሊት ሠርተን ጸጉሯን እንጎነጉናለን።

በአንዱ ክረምት፣ ጣልያን ወልቂጤ ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ተካ ከአርበኞቹ ዘንድ እግሩን ቆስሎ መጣ። እናቴ ቆጡ ላይ ደብቃ ታስታምመው ጀመር፣ ለጠየቃት ሁሉም «ጊቤን ተሻግሮ ሄዷል» ትል ነበር። አጎቴ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይችል ሰው ነበርና ቃጫ እየተቀበለ ከላይ ሆኖ ይገምድልን ገባ። እንደሱ ጠንካራ ገመድ የሚገምድ በአገሩ አልነበረም። ችግሩ ግራኝ መሆኑ ነው፤ ሰው ሁሉ በቀኝ ሲያከርር እሱ በግራ ስለሚያከርር የገመዱ ጥምዝ ወደ ሌላ ወገን ይዞር ነበር።

«ተካ የገመደው ከደጅ እንዳይወጣ» አለችኝ እናቴ። «ገበያ ላይ ያየው ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል።»

ለገበያ የሚሄደውን ራሷ እየፈታች በቀኟ ታከርረዋለች፤ እሱም ከቆጡ ላይ «እታለም፣ እኔ ስገምድ ልዋል፣ አንቺ ስትፈቺ ዋይ!» እያለ ያስቃት ነበር። እናቴን ስትስቅ የማስታውሳት በዚያ ክረምት ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ የሰፈር ልጃገረዶችም ከትልቁ ዋርካ ላይ ዥዋዥዌ እንሰቅላለን። ገመዱን በየተራ ከየቤታችን እናመጣ ነበር። የኔ ተራ ሲደርስ የወሰድኩት አሮጌ ገመድ በሁለተኛዋ ልጅ ተበጠሰ፤ እሷ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች፣ ሌሎቹ በእኔ ሳቁ። ዘጠኝ ዓመቴ ገደማ ነው። እልህ ይዞኝ እናቴ ወደ እንሰቱ ስትወጣ ጠብቄ፣ አጎቴ ለጣሪያው ማሰሪያ የገመደውን ረጅሙን ገመድ ይዤ ሮጥኩ። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የተወዛወዝኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘርጋ በዚያ አለፈ። ዘርጋ ድሮ ከአጎቴ ገመድ እየገዛ የሚነግድ ሰው ነበር፤ ያኔ ግን ለጣልያን አድሮ ወልቂጤ የጦር ሠፈራቸው ውስጥ ይውላል። ቆመና ገመዱን በጣቶቹ መሃል አሳለፈው።

«ይሄን ማን ገመደው፣ የኔ ልጅ?»

«እናቴ።»

«እናትሽ ግራኝ ሆነች እንዴ?» አለና ሳቅ ብሎ ራሴን ዳሰሰኝ፣ መንገዱንም ቀጠለ።

ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር ብዬ ራሴን ላታልል ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ፣ ግን ወዲያው ነው የገባኝ። ቤት ሮጬ ብናገር አጎቴን አታት በሚባለው አገር ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድ ለማድረስ ጊዜ ነበረን። እኔ ግን የእናቴን ቁጣ ፈርቼ ገመዱን አወረድኩ፣ እንሰት ስር ቀበርኩት፣ ገብቼም ከአጠገቧ ተቀምጬ ማቶቴን መጠቅለል ያዝኩ። ያን ዕለት ሥራዬን አይታ «ጎበዝ» አለችኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ። አጎቴን ከቆጡ አውርደው እየጎተቱ ወሰዱት። ወልቂጤ ታስሯል ተባለ፣ ቀጥሎም ወደ ሌላ ቦታ አሻግረውታል ተባለ፣ ከዚያ በኋላ ወሬውም ጠፋ። የዚያን ዓመት መስቀል ሰው ሁሉ ቤቱን ሲለቀልቅ የኛ ግድግዳ እንደነበረ ቀረ።

እናቴ ጥፋቱን የራሷ አደረገችው። በዚያው ሳምንት ገበያ ካወጣችው የገመድ እስር ውስጥ ተካ የገመደውን አንዱን ማሰሪያ ሳልፈታ ሰድጄ ነው ብላ አመነች። ጣልያን ከወጣም በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር «በገዛ እጄ ሰጠሁት» ትላለች፣ እኔም ቃጫውን ይዤላት እሰማለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ልትሞት ሰሞን አልጋዋ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ እጄን ያዘችና «ተካ ይቅር ይለኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይልሻል» አልኳት።

ዛሬ የልጅ ልጄ ብርጭቆ ስትሰብር ማንም ሳያያት ራሷ መጥታ ትናገራለች፣ እናቷ ትቆጣታለች፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሳያት እቀናባታለሁ። እኔም አሁን አሁን ታሪኩን ለልጆቼ መናገር ጀምሬያለሁ። ሁሉም ከመጨረሴ በፊት «ልጅ ነበርሽ እኮ» ይሉኛል። ዋርካው ስር አዎ፣ ልጅ ነበርኩ። በእናቴ አልጋ ዳር የተቀመጥኩ ጊዜ ግን አርባ ዓመት ሞልቶኝ ነበር።