የኖራው መስቀል

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሲል የመቃብሩን ድንጋይ ኖራ የሚቀቡ ሠራተኞች ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አንደኛው ኖራውን ባልዲ ውስጥ ገልብጦ ውኃ ሲያፈስበት፣ ያ ጉሮሮ የሚከረክር ትኩስ ሽታ ድንገት ተነሥቶ ፊቴን መታኝ። የቆምኩት ፍኖተ ሰላም፣ በባሌ መቃብር ራስጌ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልቤ ግን ጥሎኝ ሄዶ አባቴ ኮረብታ ላይ ኖራ እየበጠበጠ «ራቂ! ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ!» ሲለኝ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከክፍል ክፍል እዞራለሁ፣ ትንሽ እጽፋለሁ፣ ተነሥቼ በሩን ከፍቼ አያለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ እጽፋለሁ።

አባቴ ገበየሁ የካርታ ሥራ ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜ ካርታ የሚሠሩት ሰዎች መሬቱን ከአውሮፕላን ላይ ፎቶ ያነሡ ነበርና፣ ፎቶው ላይ ያለው ቦታ መሬት ላይ የትኛው እንደሆነ እንዲታወቅ፣ አስቀድሞ በየኮረብታው ጫፍ ከላይ የሚታይ ነጭ ምልክት መደረግ ነበረበት። የአባቴ ሥራ ይህ ነበር። ድንጋይ ሰብስቦ በመስቀል ቅርጽ እየደረደረ፣ ኖራ እየቀባ፣ ልኬቱን እየወሰደ፣ በጋውን ሁሉ ከኮረብታ ኮረብታ ሲንከራተት ይከርም ነበር።

ክረምት የእናቴ ወቅት ነበር። ሰማይ በደመና ሲዘጋ አውሮፕላን ስለማይነሣ አባቴ ፍኖተ ሰላም በተከራየነው ቤት አብሮን ይከርም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሱ አርፎ መቀመጥ አይችልም፤ እየተነሣ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፣ ተመልሶ የልኬት ዘንጎቹን ይወለውላል፣ አልጋውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ገበየሁ፣ እባክህ ተቀመጥ» ትለው ነበር እናቴ። «ቤቱን ለካኸው፣ ግቢውን ለካኸው፤ የቀረሁህ እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንቺማ ከመሬት ሆነው የምትለኪ አይደለሽም» ይላትና ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ዝናቡ ሲጠነክር ደግሞ ከሣጥኑ ሁለት ፎቶዎች አውጥቶ ጎን ለጎን እያስቀመጠ፣ እግር ያላትን ትንሽ መነጽር ከላያቸው ላይ አቁሞ «እዪ» ይለኝ ነበር። በመጀመሪያ የሚታየኝ ግራጫ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ግን ተራራው ከወረቀቱ ብድግ ብሎ ይነሣል፣ ሸለቆው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጣቴን ልነካው ስሰድ ባዶ ነገር እዳብሳለሁ። «ይህን ማንበብ የሚችሉ ሰዎች አሉ» ይለኝ ነበር አባቴ። «ቁጭ ብለው፣ በመሣሪያ፣ ከዚህ ፎቶ የተራራውን ቁመት ያወጣሉ። አንድ ቀን እኔም ባልዲውን ጥዬ ከእነሱ ጋር እቀመጣለሁ።» እናቴ ይህን ስትሰማ ወጡን ለማማሰል ትነሣ ነበር።

አንድ ዓመት መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲከፈት፣ የአባቴ አለቃ በመስክ መኪና መጥቶ ቤታችን ጠላ እየጠጣ ነገሩን ተናገረ።

«ገበየሁ፣ ከቡሬ ወዲህ ያሉት ምልክቶች ያንተ ናቸው። ሁሉም ፎቶው ላይ ጥርት ብለው ከታዩልህ አዲስ አበባ ለሥልጠና የምልከው አንተን ነው።»

«ቤተሰብስ?» አለች እናቴ፣ ጣሳውን እንደያዘች።

«መኝታው ለሠልጣኙ ብቻ ነው፣ እትዬ። ሲጨርስም ሥራው እዚያው ነው።»

እናቴ አብራው ልትሄድ እንደማትችል እኔም አውቅ ነበር። አያቴ ተገኘ፣ አባቷ፣ ከቡሬ መለስ ብሎ ባለው ገጠር ከእርሷ በቀር ልጅ ያልቀረው ብቸኛ ሽማግሌ ነበር፤ እየተመላለሰች የምታየው እርሷ ነበረች። እንግዲህ ምልክቶቹ ከታዩ አባቴ ይሄዳል፣ ካልታዩ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር፣ የሚመኘው ግን ለየቅል ነበር።

ኅዳር ሲገባ ለአጨዳው ወደ አያቴ ቤት ሄድን። አባቴም አንደኛውን መስቀል የሠራው ከአያቴ ማሳ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነበር። የአገሩ ሰው እየመጣ ዙሪያውን እየዞረ ያየው ነበር።

«ገበየሁ፣ ታቦት ሊገባበት ነው ወይስ መንግሥት ሊወስደው ነው?» አለው አንድ ጎረቤት።

«ኧረ ምንም የለበትም። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ነው» አለ አባቴ።

«ከላይ ሆኖ የሚያየውማ ያለ ኖራም ያየናል!» ብሎ ሰውየው ሁሉንም አሳቀ።

አውሮፕላኑ ባሕር ዳር ሆኖ የጠራ ሰማይ ይጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከበረቱ ጀርባ ቆሜ ደመና እንዲመጣ እጸልይ ነበር። አንድ ጠዋት አያቴ ማጭዱን ትከሻው ላይ እንደሰቀለ ደረሰብኝ።

«ምን እያልሽ ነው የምትጸልዪው?»

«ደመና እንዲመጣ፣ አባባ። አባዬ እንዳይሄድ።»

አያቴ የታጨደውን ጤፍ ቁልቁል አየ። ዝናብ ቢመጣ መበስበሱ ነው። «እንግዲያ ጤፌ እስኪከመር ታገሺኝ» አለኝ። «ከዚያ በኋላ እኔም አብሬሽ እጸልያለሁ።»

የኅዳር ጽዮን ዕለት ሰማዩ ፍጹም ጠርቶ ነጋ። አባቴ በቡሬ በኩል ያለው መስቀል ዘንድ ሊውል ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ በር ላይ ቆሞ እናቴን «ይችኛዋን አደራ። ከብት እንዳይረግጣት፣ ልጆችም ድንጋዩን እንዳያነሡ» አላት። እርሷም «እሺ» አለችው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለታችን ኮረብታውን ወጣን፤ ጫፉ ላይ ስንደርስ መስቀሉ አይታይም። ድንጋዩ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ለምለም ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። አጠገቡ ጎረቤታችን እማሆይ ወለቴ፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው እንደራሰ፣ ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል።

«እማሆይ፣ ምነው፣ ምን አደረጉ?» አለች እናቴ።

«ከወንዙ ዳር ነው ያመጣሁት። እንዲህ ያለ መስቀል በእመቤቴ ቀን ሜዳ ላይ ራቁቱን ሲውል አንጀቴ አልችል አለ፣ ልጄ።»

እናቴ ቄጠማውን አየች፣ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከደመናው ስንለምን የሰነበትነውን እማሆይ በአንድ ሸክም ቄጠማ ፈጽመውልናል፤ ማንም ክፉ አልሠራ፣ ማንም አይወቀስ፤ ዝም ብለን ቁልቁል መውረድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። ያኔ በባሕር ዳር በኩል ድምፅ ተሰማ።

«እማ፣ ተይው» አልኳት።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሣች። ጥቂት እርምጃ ወደ መውረጃው ሄደችና ቆመች። «ከየት በኩል ነው ድምፁ?» አለችኝ፣ እየሰማችው። መልሳ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አወለቀች፣ ለበሰች። አውሮፕላኑ እንደ ዝንብ ሆኖ ሲታይ ግን ዘላ ተነሥታ በጉልበቷ ተንበረከከችና ቄጠማውን በሁለት ክንዷ ታግበሰብስ ጀመር።

«ኧረ ምነው የሺ! ኧረ በእመቤቴ!» ጮኹ እማሆይ።

«ይቅር ይበሉኝ እማሆይ፣ ሲያልፍ ራሴ መልሼ እጎዘጉዘዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እንባዋ በአፍንጫዋ እየወረደ «ነይ እንጂ! ምን ቆመሽ ታያለሽ!» አለችኝ።

አብሬያት አነሣሁ። እማሆይም እያጉረመረሙ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ፣ በበኩላቸው ማንሣት ጀመሩ። ድምፁ ራሳችን ላይ ሲደርስ እናቴ ሁለታችንንም ከነጩ ድንጋይ ጎትታ አራቀችንና ዳር ላይ ቆምን። አውሮፕላኑ በላያችን አልፎ ሄደ፣ ራቅ ብሎ ዞረ፣ እንደሚያርስ ገበሬ ትልሙን ተከትሎ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። እናቴ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ጠብቃ፣ ቄጠማውን እቅፍ እቅፍ እያደረገች እንዳለችው መልሳ ጎዘጎዘችው።

ማታ አባቴ ከቡሬ በኩል እየሮጠ ነበር የደረሰው።

«ሰማዩን አየሽልኝ? አንዲት ጭረት አልነበረችበትም እኮ! የእኛዋስ?»

«ነጭ ነበረች» አለችውና ጥጆቹን ልትለይ ወጣች። አባቴ ከዚህ ዓለም እስኪለይ ድረስ የቄጠማውን ነገር አልሰማም።

በማግሥቱ አያቴ ጤፉን ከምሮ ጨርሶ ሲመጣ ከበረቱ ጀርባ ፈለገኝ። «በይ፣ አሁን መጸለይ እንችላለን» አለኝ። አውሮፕላኑን ሁሉም ሰው አይቶት ነበር፣ እሱም አይቶታል፤ ቢሆንም ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ቆመ።

ጥር ሳያልቅ አባቴ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ ተሳፈረ። እናቴ ስንቁን በመስኮት እያቀበለች ስለ ብርድ ልብሱ ብቻ ነበር የምታወራው። በክረምቱ ሲመጣ እጁ ለስልሶ፣ ኖራው ከጥፍሩ ሥር ጠፍቶ ነበር። ከሣጥን ሳይሆን ከቆዳ ቦርሳ አዳዲስ ፎቶዎች አወጣና መነጽሩን አቁሞ እናቴን ጠራት። «እዪ፣ የአባትሽ ማሳ። እዪ፣ ኮረብታው። ይቺ የጨው ቅንጣት የምታክለው መስቀላችን ናት።» እናቴ አጎንብሳ ብዙ ጊዜ አየች። እኔ አየው የነበረውን ሁሉ፣ ኮረብታው ብድግ ሲል፣ ሸለቆው ሲሰምጥ፣ እንዳየች ከትንፋሿ ገባኝ።

«እኛ የለንም» አለች በመጨረሻ።

«ሰው አይታይም፣ የሺ። ከፍታው ብዙ ነው» አላት አባቴ።

ከዚያ በኋላ ያደግሁት አባቴን በክረምት ብቻ እያየሁ ነው። የተመኘውን ሆነ፤ መሣሪያው ላይ ተቀምጦ የአገሩን ተራራ ሁሉ ሲለካ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ደስተኛም ነበር። እናቴ ስታማርረው አንድ ቀን አልሰማሁም፤ ሐምሌ በገባ ቁጥር ግን ገና የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ቤቱን ታጥብ ነበር።

አሁን ነገሩ ወደ እኔ ዞሯል። ልጄ ሕሊና ባሕር ዳር የተማረችው ይህንኑ የአያቷን ሙያ ነው፤ ኖራም አውሮፕላንም አያስፈልጋትም፣ ሳተላይት የሚልከውን ምስል እያነበበች የቱ ማሳ እንደለመለመ፣ የቱ ወንዝ እንደጎደለ ታውቃለች። አባቷ ሲያርፍ መጥታ ከእኔ ጋር ቀረች። አሁን አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች፣ መልሷን እየጠበቁ ነው። «ብቻሽን ምን ልትሆኚ? ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ» ትለኛለች። ክረምት ክረምት ትመጫለሽ ወይ ብላት ሳቀች፤ ደመናን አልፎ የሚያይ ሳተላይት አለ፣ ሥራው በክረምትም አይቆምም አለችኝ።

በእኛ ጊዜ ሰውን ቤቱ የሚያከርም ሰማይ ነበር፤ ለእኔ ያ የለም። እናቴ ግን ለማሰብ የተሰጣት አውሮፕላኑ ከአድማስ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ብቻ ነበር። እኔ ሳምንታት ተሰጥተውኛል፣ ስልክ አለኝ፣ የምትጠይቀኝ ልጅ አለችኝ፣ ይህ ሁሉ እያለኝ ከክፍል ክፍል ስዞር ከረምኩ። ሕሊና ገና ተኝታ ሳለ፣ ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት፣ አቧራውን ጠረግሁት። ዚፑ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ሳሙና ቀባሁትና እስኪላላ ድረስ ወዲያና ወዲህ ሳመላልሰው ቆየሁ።