የዋንዛው በር ቀዳዳ

አሁንም አንዳንድ ጊዜ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ወይም አውቶቡስ መስኮት ላይ ተደግፌ፣ መዳፍ እንጨት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድፍን ያለ ድምፅ ይመጣብኛል። ማንኳኳት አይደለም፤ የሚያንኳኳ ሰው ጣቱን አጥፎ በአንጓው ነው የሚመታው። ይህ ግን የተከፈተ መዳፍ ነው፤ የደነበረች በቅሎ እንደሚያረጋጋ ሰው አንድ ጊዜ ቸብ አድርጎ እዚያው የሚቆይ። ያ የአባባ እጅ ነበር።

አባባ አናጺ ነበር። ቤታችን በደብረ ማርቆስ አሮጌው ሰፈር፣ ፊቱን ለመንገዱ የሰጠ ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ሲሆን፣ በሩን ከዋንዛ ሳንቃ የሠራው ራሱ ነው። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ጠፈፍ ሲል፣ ዘመዶቻችን ከአምበርና ከጉንደ ወይን እየመጡ እኛ ዘንድ ያርፉ ነበርና፣ አባባ ቁርስ ካበላቸው በኋላ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ታላቅ ወንድሜን ሙሉቀንንና እኔን አስከትሎ ከተማውን ያስጎበኛቸው ነበር። ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተነሥተን፣ የንጉሡን ግቢ አጥር ታክከን፣ የእንጨት ሰገነታቸው በዘመመ አሮጌ ባለፎቅ ቤቶች መካከል ቁልቁል ወርደን፣ መጨረሻ ላይ የምንቆመው እኛው በር ላይ ነበር።

ይህን ጉዞ ስንት ጊዜ እንደሄድነው አላውቅም፤ ግን የሚለውን ቃል በቃል ይዘነው ነበር። አንድ ቀን ሙሉቀን ክንዴን ጎትቶ «እጁን እየው» አለኝ ሹክ ብሎ። «ግድግዳውን ከነካ፣ ነገሩን በዓይኑ አይቶታል ማለት ነው። እጁን ወደ ኋላ ካጣመረ፣ ሰምቶ ነው።» አየሁ፤ እውነቱን ነበር። አባባ ራሱ ያየውን ወይም የሠራውን ሲናገር መዳፉን ድንጋዩ ወይም እንጨቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከሰው የሰማውን ሲናገር ደግሞ እጆቹ ከወገቡ ኋላ ይያያዛሉ። ይህን ደንብ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እኔ ቃሉን መስማት ትቼ እጁን ብቻ እከተል ጀመር።

የአምበሩ አያ ደሴ፣ የአባባ የአጎት ልጅ፣ ቀልድ ካልተናገረ እግሩ የማይራመድለት ሰው ነበር። ንጉሡ ግቢ ስንደርስ አባባ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «እዚህ በር ላይ በበዓል ቀን ሺህ በቅሎ ይታሰር ነበር ይባላል» ሲል፣ አያ ደሴ ዱላውን ተደግፎ መሬቱን ሲመረምር ይቆይና፣

«ሺህ በቅሎ! ፋንድያውን ማን ይጠርግ ነበር፣ በማርቆስ?» ይል ነበር።

«ይባላል ነው ያልሁት፣ አያ። እኔ አልቆጠርሁም።»

ጥር ላይ፣ ለጥምቀት፣ መንገዱ አቧራ ሲሆን እንግዳው ይበዛ ነበር። በአንዱ ዓመት ታናሽ እኅታችን ባንቺ አራት ዓመት ሆኗት ስለነበር፣ እሷም በአባባ ትከሻ ሆና ጉብኝቱን ጀመረች። አባባ ግድግዳ ሲነካ ታያለችና፣ እሷም ከትከሻው ጎንበስ እያለች ያገኘችውን ሁሉ በመዳፏ ትመታ ነበር፤ አጥሩን፣ ዛፉን፣ የሱቁን ቆርቆሮ፣ የቆመውን አህያ ሳይቀር። አያ ደሴ «ይቺ ሁሉንም አይታዋለች፤ አንተ ዝም በል እሷ ትንገረን!» ሲል አባባ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፣ ባንቺም ልትወድቅ ነው መስሏት ሁለት ጆሮውን ግጥም አድርጋ ያዘች።

መጋቢት ላይ ኩፍኝ ገብቶ ባንቺን ያዛት። በእኛ አገር ኩፍኝ ያለበት ቤት ይጨልማል፤ መስኮቱ ይደፈናል፣ ከውጭ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሰው ታማሚው ጋ አይገባም፣ ከገባ ይብስበታል ይባላል። እማዬ ከባንቺ ጋር ውስጥ ቀረች፤ እኔና ሙሉቀን ጎረቤት እንድናድር ተደረገ። ቀን ቀን ግን ከበሩ ፊት ከድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለን እንውል ነበር። ባንቺ ከውስጥ ስማችንን እየጠራች ስታለቅስ አባባ ሁለት ቀን ቻለ፤ በሦስተኛው ቀን መሰርሰሪያውን ይዞ መጣና፣ በሩ ላይ፣ በእኔ አገጭ ልክ፣ ቀዳዳ በሳ።

«ኧረ ብርሃን ይገባባታል!» አለች እማዬ ከውስጥ።

«አይገባም፤ ዘቅዘቅ አድርጌዋለሁ» አላት።

እውነትም ቀዳዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ነበር፤ እኛ አልጋዋን እንድናይ፣ ብርሃኑ ግን ከዓይኗ ላይ ሳይሆን ከእግሯ ሥር እንዲወድቅ። ሲጨርስ ጠርዙን በመሮ ጠርቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ አሽቶ፣ ከዋንዛው ቁራጭ ውታፍ ቀርጾ በክር አንጠለጠለለት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማዬ ውታፉን ትነቅልና ተራ በተራ ዓይናችንን እንጥል ነበር። ትንሽ ሲሻላት ባንቺ በእማዬ ክንድ እስከ በሩ መጥታ ሌባ ጣቷን በቀዳዳው ማውጣት ጀመረች። ጣቷ ትኩስ ነበረች። ሙሉቀን ይይዛታል፣ ከዚያ እኔ እይዛታለሁ፣ እሷም የማን እጅ እንደሆነ ሳታይ ለይታ ስማችንን ትጠራና ትስቅ ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ሚያዝያ ሳያልቅ፣ አንድ ቀን ፀሐይ አዘቅዝቃ ውታፉ ሳይነቀል ቀረ። ሙሉቀን ጣቱን አጥፎ በሩን አንኳኳ። ከውስጥ የመጣው የእማዬ ድምፅ ነበር፤ ያን ድምፅ ልጽፈው አልችልም።

ክረምቱን ነፋስ በውታፉ ዙሪያ እየገባ ሲያፏጭ፣ ጎረቤት «በጭቃ ድፈኑት» ቢል አባባ አልደፈነውም። መስከረም ጠብቶ እንግዶች መጡ፣ አባባም እንደ ልማዱ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ቅጽሩን፣ ግቢውን፣ ባለፎቆቹን አሳያቸው። መጨረሻ በራችን ላይ ስንደርስ፣ ሌላ ጊዜ ሳንቃውን ከየት እንዳመጣው የሚያወራበት ቦታ ላይ፣ መዳፉን ከቀዳዳው ላይ አሳርፎ ዝም አለ። አያ ደሴ ባርኔጣውን አወለቀ። ሙሉቀን እጄን ያዘኝ፤ ጨምቆ ነበር የያዘኝ፣ እስካሁን ይሰማኛል።

አባባ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ የኤሌክትሪክ ሥራን ከመጻሕፍትና ከተበላሸ ዕቃ ተምሬ፣ አሁን የምኖረው ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ባለችው አማኑኤል ከተማ ነው። ሙሉቀን ከእማዬ ጋር እዚያው ቤት ቀርቶ አስጎብኚ ሆነ፤ ለበዓል የሚመጡትን እንግዶች አሮጌውን ሰፈር በእግር ያሳያቸዋል። «አንድ ቀን እንኳ ከኋላ ሆነህ ስማኝ እንጂ» ይለኝ ስለነበር፣ ባለፈው ጥር ለጥምቀት መጥቼ ከአዲስ አበባ ከመጡ እንግዶች ኋላ ተከተልሁት።

የሄድነው በአባባ መንገድ ነበር። ንጉሡ ግቢ ላይ ሺህ በቅሎ ሲል፣ አንዱን እንግዳ የፋንድያውን ነገር እንዲጠይቅ አድርጎ ራሱ ሲመልስ፣ ደስ አለኝ፤ አባባ ያልሞተ መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ቁልቁል ወርደን ከበራችን ፊት ቆምን።

«ይህ ቤት በዘመኑ ስም ያለው ጠጅ ቤት ነበር» አለ ወንድሜ። «አንድ ማታ አንድ ሽፍታ ደመኛውን ፍለጋ መጥቶ፣ ከበቅሎው ሳይወርድ በበሩ ተኮሰ። ይሄው ጥይቱ የገባበት። ወደ ውስጥ ዘቅዘቅ ማለቱን ታያላችሁ? ከበቅሎ ላይ ስለተተኮሰ ነው።»

ከዚያም መዳፉን ከዋንዛው ላይ አሳረፈ። ያው ድምፅ ነበር።

«ውይ! ሰውየውስ?» አለች አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት።

«መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።»

አንድ ጎረምሳ ሌባ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ «ፎቶ አንሱኝ፣ ፎቶ!» እያለ ሳቀ። ውታፉ የለም፤ ክሩም የለም። ጠርዙን አየሁት፤ ጥይት የበሳው እንጨት ይሰነጠቃል፣ ይሄ ግን ያኔ እንደተወለወለ ነው። አንድም ሰው አላስተዋለም።

እንግዶቹ ሲሄዱ እዚያው በሩ ላይ ጠየቅሁት።

«ምን ልበላቸው?» አለኝ። «በዓል ሊያከብሩ ለመጡ ሰዎች ስለሞተች ሕፃን ላውራ? ደግሞ ባንቺን ለመንገደኛ አልሰጥም። ለዚህ ነው ጥይት ያልሁት።»

«ጣታቸውን ሲከቱስ?»

የበሩን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

«እሺ፣ እጅህን ለምን አሳረፍህበት?»

«የአባባ ልማድ ነዋ! እንግዳ ይወደዋል። እጄን ሳሳርፍ ነው የሚያምኑኝ።»

ይህን ሲል አላፈረም። ደንቡን ለእኔ የነገረኝ እሱ ነበር፤ ቀድሞ ያየው እሱ፣ ጣቷንም ቀድሞ ይይዝ የነበረው እሱ። ትቼው ገባሁ። እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ትሰሚያለሽ?» አልኋት።

«ሲመጡ ሁሉ እሰማለሁ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽው?»

ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጠፈችው። «ልጄ ነው፤ ምን ልበለው? አንዳንዴማ፣ ምነው ጥይት በሆነ ኖሮ እላለሁ» አለችኝ።

ወደ አማኑኤል ከመመለሴ በፊት ከዋንዛ ቁራጭ አዲስ ውታፍ ቀርጬ ሰጠኋት። በክር አስራ እንዳንጠለጠለችው ሰምቻለሁ፤ ሙሉቀን ጎብኚዎች ሲመጡ ነቅሎ ኪሱ እንደሚከተውም ሰምቻለሁ።

ዛሬም ከአሮጌው ሰፈር ሳልፍ አባባ እጁን ያሳረፈባቸውን ድንጋዮችና እንጨቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እጁን ካየሁ ይበቃኝ ነበር፣ ቀና ብዬ ፊቱን ለማየት ፈልጌ አላውቅም። አሁን በየግድግዳው ፊት እየቆምሁ፣ ያን ሁሉ ሲነግረን ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም።