ወደ ግራ የምትስበው መኪና

«ቅቤ ነው የቀቧት፣ አባባ?» አለ ታላቅ ወንድሜ።

«መሪዋ ደርቆባት ነዋ። የደረቀ ነገር ቅቤ ነው የሚሻው።»

ይበልጣል በሪሞት የምትነዳውን መኪናዬን ገልብጦ፣ ቤንዚን በነካ ጨርቅ የመሪዋን ጥርሶች እየጠረገ ነበር፤ ቅቤው በቡሬ የኅዳር ብርድ ረግቶ፣ አቧራና ክር ሰብስቦ አጣብቋቸዋል። ዛሬም ቅቤና ቤንዚን ባንድ ላይ ሲሸተኝ ያ ክርክር ይመለስብኛል። አባቴ አልተረቱም፤ በሬም ወደ ግራ የሚስበው ቀንበሩ ሲቆርጠው ነው፣ ባሕር ዳር ያላስተማሩህ እሱን ነው እያሉ ይሞግቱት ነበር።

ይበልጣል መኪናዋን ሐምሌ ላይ ከባሕር ዳር ይዞልኝ መጣ። ይሠራበት የነበረው የሞባይል መጠገኛ ተዘግቶ፣ ከክረምቱ በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ሥራ ሊፈልግ አስቦ ነበር። እስከዚያው ጭቃዋን እያጠበ፣ ባትሪዋን እየቀየረ ያጫውተኝ ነበር።

መስከረም ላይ መሬቱ ሲጠነክር መኪናዋ ቀጥ ብለሽ ሂጂ ስትባል ወደ ግራ እየታጠፈች አጥር ትገባ ጀመር። «ይቺን ሳላቃናልሽ አልሄድም» አለኝ ይበልጣል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ሪሞቱ ላይ፣ ከመሪው ሥር ያለችውን፣ ጎማውን ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ የምታዘነብል ትንሽ ማስተካከያ ያገኘሁት፤ እሱ የመሪዋን ጥርሶች ፈትቶ፣ ዘንጉን አቃንቶ፣ ገጥሞ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ እኔ በጥፍሬ ወደ ግራ አዞራት ነበር። እንዲህ እያልን መስቀል አለፈ፣ ጤፉም ታጨደ።

የዚያን ጠዋት ቅቤው ተጠርጎም መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች። ይበልጣል ሪሞቱን አገላብጦ አየና ማስተካከያዋን መሃል ላይ መለሳት፤ መኪናዋ ከመደቡ ሥር ተነሥታ እስከ በሩ ቀጥ ብላ ሄደች። ዞሮ ሲያየኝ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ ነኝ ያዞርኳት» አሉ አባቴ።

አባቴ ማስተካከያ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም ነበር፤ ይበልጣልም አለማወቃቸውን ያውቃል።

«እርስዎ ካሉ እሺ፣ አባባ» አለ ቀስ ብሎ። ወደ እኔም ዞሮ «በይ እታለም፣ መኪናሽ ተቃናች» አለኝ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ና ስንለው መንገዱ ተዘግቷል ይለናል፣ እውነቱንም ነው። ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር፤ እሱን ለማስቀረት አባቴና እኔ የነበረን አንድ ማንኪያ ቅቤና አንዲት ማስተካከያ ብቻ ነበሩ። ቦርሳው ከተዘጋጀ ሰንብቶ ነበር። መኪናዋ እንደተቃናች የአባቴን ጉልበት ስሞ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ሌላ ጊዜ ገርበብ አድርጎ የሚተወውን በር ያን ቀን ዘጋው።