ስሙ የማይጠራው ፌርማታ

የበደለችኝ ዘነበች ናት፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት። የበደለችኝም ከወልቂጤ ተነስቼ አዲስ አበባ በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ። ስሟን «እትዬ» ሳልል የጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

አገና ያላችሁ ዘመዶቼ ነገሩን ከእሷ አፍ ሰምታችኋል። «ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቤታችን መድረስ አቅቷት ከተማውን ስትዞር ዋለች» እያለች በየሰርጉ ስታስቅባችሁ ኖራለች። መዞሬ እውነት ነው። ለምን እንደዞርኩ ግን አልነገረቻችሁም።

ለመሄድ የተነሳሁበትን ሌሊት ወልቂጤ አክስቴ ቤት አደርኩ። እናቴ ከአገና ድረስ በጭነት መኪና ሸኝታኝ ነበር። ቆጮውን በኮባ እየጠቀለለች፣ ቅቤውን እያሰረች፣ ደጋግማ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የአማትሽን ስም እንዳትጠሪ። ከተማ ነው ብለሽ እንዳትዘነጊ።» የባልን አባት በስሙ መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን ታውቃላችሁ። እናቴ ደግሞ ከሁሉም ታጠብቅ ነበር። የአማቴ ስም መነሻው ከመትከል ጋር ስለሚገጥም፣ እንሰት ስንተክል እንኳ «እንትከል» ማለት ከልክላኝ «መሬት እናስይዝ» እል ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ባለቤቴ የተከራየበት ሰፈር፣ ቤተክርስቲያኑም፣ አደባባዩም፣ ፌርማታውም፣ ሁሉም የሚጠሩት በአማቴ ስም ነው። አማቴ በጻድቁ ስም የተሰየሙ ሰው ናቸው።

ባለቤቴ ለመስቀል አገር ቤት ገብቶ አገባኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ኋላ ሲያስመጣኝ ሱቁን ጥሎ መውጣት ስላልቻለ እንድትቀበለኝ እህቱን ላከ። እሷ ግን ለወንድሟ የጓደኛዋን ልጅ ነበር ያጨችው። ከአውቶቡስ ስወርድ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና እጄን ይዛ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ከተተችኝ።

«እኔ ገበያ ልግባ፣ ይሄ ያደርስሻል» አለች። «ትኬት ቆራጩ የት ነሽ ሲልሽ የሰፈሩን ስም ንገሪው።»

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ ስሙን...»

«ታዲያ ዝም ብለሽ ዙሪ!» ብላ ሳቀች። የገዛ አባቷ ስም እኮ ነው! አውቃ ነው ያደረገችው። ማታ ለባለቤቴ «ከተማውን ስታይ ደነገጠችና ወደ አገሯ ተመለሰች» ልትለው ነበር። እሱ ደግሞ ኩሩ ሰው ነው፤ ትታኝ ተመለሰች ከተባለ ተከትሎኝ አይመጣም። በዚያው ማታ ካልደረስኩ ትዳሬ እዚያው አለቀ ማለት ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ እንደ አገሬ ልማድ ከፊተኛው ወንበር ጀምሬ እያንዳንዱን ሰው ሰላም ማለት ጀመርኩ። «እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ከብቱ ደህና ነው?» አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገች። አገና ሰላም ሳትል ብታልፍ ይታዘቡሃል፤ እዚህ ሰላም ስትል ይጠረጥሩሃል።

«እመቤት፣ ለቅሶ ቤት አይደለም፣ ቁጭ በይ!» አለ ትኬት ቆራጩ። «የት ነሽ?»

«የባሌ አባት።»

«ባሌ? ባሌ ጠቅላይ ግዛት ከሆነ መኪናው ከዚህ አይነሳም።»

«ባሌ አገሩ አይደለም። ባሌ፣ ያገባኝ! የእሱ አባት።»

«እሳቸው የት ናቸው?»

«አገና።»

«አገናም አንሄድም!»

ተሳፋሪው በሞላ ሳቀ። እሱ ሲስቅ፣ እኔ ሳስረዳ፣ ፌርማታዬ አልፎን ሄዷል። መጨረሻው ሳሪስ ነው ብለው አወረዱኝ። ነፋሱ አቧራውን ከነሽታው ያለብሳል። የሳሪስ ነፋስ የደጋችን የአረቅጥ ብርድ ታናሽ ወንድም ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጸሐዩ ሲያዘቀዝቅ ሰይቼንቶ ታክሲ አቆምኩ። ያቺን ትንሽ ሰማያዊና ነጭ መኪና የማታውቁ ልጆች፣ ጉልበታችሁን አገጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ፤ በቃ ሰይቼንቶ ማለት እሱ ነው። ከጎኔ የበርበሬ ከረጢት ያቀፉ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ።

«የት ልውሰድሽ?» አለ ሹፌሩ።

«ቤተክርስቲያን።»

«እሱማ ሞልቷል። ጊዮርጊስ?»

«አይደለም።»

«ራጉኤል? ዑራኤል?»

«አይደለም። ያ... እግሩ የተቆረጠው።» ያኔ አማርኛዬ ይህን ያህል ነበር። በጸሎት ብዛት አንድ እግሩ የተቆረጠውን ጻድቅ ማለቴ ነው።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። «መቼ ተቆረጠ? ታዲያ ቶሎ አትይም? ሆስፒታል ነዋ የምትፈልጊው!»

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?»

«አገና።»

«እኔ ቡታጅራ ነኝ፤ ሸምሱ እባላለሁ። የአማትሽ ስም ነው፣ አይደል?»

እንባዬ መጣ። ራሴን ነቀነቅኩ። ጋሽ ሸምሱ ወደ ሹፌሩ ጎንበስ አሉና ስሙን በጆሮው ነገሩት፣ እኔ እንዳልሰማው። ይህን ያደረገልኝን ሰው ዕድሜ ልኬን አልረሳም።

«ኧረ ጉድ!» አለ ሹፌሩ። «እስላሙ ለእኔ ለክርስቲያኑ ጻድቁን ጠቆመኝ! ጋሽዬ፣ በንጉሥ ስም ስንምል እየዋልን የአማት ስም ይፈራል?»

«ወላሂ፣ ንጉሥ ቤትህ መጥቶ እራት አይበላም» አሉት ጋሽ ሸምሱ። «አማት ግን ይበላል። ንዳ!»

ጋሽ ሸምሱ የባሌን ቤት ሰፈርተኛውን እየጠየቁ እስከ ደጃፉ አብረውኝ መጡ። በሩ ክፍት ነበር። ዘነበች በርጩማ ላይ ተቀምጣ «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ እሺ አልል ብላ ተመለሰች» ስትል ከነኮባዬ ገባሁ። ባለቤቴ ብድግ አለ። ዘነበች ምን የምትል ይመስላችኋል?

«ይኸው! ጠፍታ ኖሯል!»

የመጥፋቴ ወሬ የተወለደው እዚያች በርጩማ ላይ ነው።

ባለቤቴ ወደ እሷም ወደ እኔም አየና ኮባውን ከእጄ ተቀበለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የአውቶቡሱን መስመር ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። ከአገር ቤት የሚመጣውን ሁሉ አውቶቡስ ተራ ወጥቼ የምቀበል እኔ ሆንኩ። የሰፈሬን ስም ብቻ «በአንድ እግሩ የቆመው ጻድቅ» እያልኩ አልፌዋለሁ፤ አማርኛዬም ስለተሻሻለ ሆስፒታል የወሰደኝ የለም።

አንድ ጊዜ አማቴ ራሳቸው መጡና ታክሲ ውስጥ ይህን ስል ሰሙኝ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ» አሉኝ፣ «መኪና ውስጥ ጥሪኝ። መኪና ውስጥ እኔ መንገድ እንጂ ሰው አይደለሁም። ፈቅጄልሻለሁ።» እጃቸውን ሳምኩ። ግን አልጠራኋቸውም። ደግ ሰው ነበሩ፤ አፌም እሺ አላለኝ።

ዘነበች ኋላ ወልቂጤ አግብታ ቀረች። ከብዙ ዓመት በኋላ ልትጠይቀን መጣች። ከተማው ተለዋውጦባት አውቶቡስ ተራ ላይ ክንዴን እንደ ሕፃን ጨብጣ ያዘችኝ። ታክሲ ውስጥ ግን ልቧ ተመለሰና ለሹፌሩ «ይቺ እኮ የመጣች ቀን ጠፍታ...» ብላ ጀመረች።

«የት ልውሰዳችሁ?» አለ ሹፌሩ።

ዘነበች ፈገግ ብላ አየችኝ። ስለ ጻድቁ እግር ሳስረዳ ልትስቅ ተዘጋጅታለች።

«ተክለሃይማኖት» አልኩት።

የሰማ ስላልመሰለኝ ደገምኩለት። ዘነበች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አባቷ እንደፈቀዱልኝ አልነገርኳትም።