ተናኘወርቅ በማሽን ስትቀና

ሰው በሰው ይቀናል፤ ተናኘወርቅ ግን በማሽን ቀናች። አብሬያት እሠራ ስለነበር ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

መካኒሳ በነበረው ላቦራቶሪያችን የቅጠላ ቅጠል አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ሰውነትን ከጉዳት የሚጠብቀውን ኃይል፣ የምትለካው እሷ ነበረች። ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ የጦስኝ ወይም የኮሰረት ጭማቂ ጠብ ታደርጋለች፤ ቅጠሉ ብርቱ ከሆነ ሐምራዊው ይለቃል። ምን ያህል እንደለቀቀ ትለካለች። እጇ አይስትም ይባል ነበር፤ የምትኮራበትም ይኸው ብቻ ነበር።

በ1989 ጠብታውንም ልኬቱንም ለብቻው የሚጨርስ ማሽን መጣ። ሥልጠናውን ወስዳ አብራው የመጣችው ውዳሴ ገና ልጅ ናት፤ ሳቂታ። ማሽኑ ቀዝቃዛውን ክፍል ሲወስድ ተናኘ ወደ መስኮቱ ጥግ ተገፋች። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ከቤቷ ዳንቴል አምጥታ አለበሰችው።

"ለእኔ ሚዛን ስንት ዘመን ጨርቅ ያመጣለት አለ?" አለች ተናኘ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ያገሬ ሰው፤ ማሽኑስ አላጣም።

አለቃችን አቶ መኩሪያ፣ ማሽኑ እስኪታመን ድረስ ተናኘ በየቀኑ አንዱን ናሙና በእጇ ለክታ እንድታመሳክር አዘዙ። እሷም ስህተቱን ስትጠብቅ ከረመች። ቁጥሩ በገጠመ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሳይገጥም ቀረ። "ተሳሳተ! አላልኳችሁም?" ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አቶ መኩሪያ መጡ። በዚህ መሀል ውዳሴ ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ ፀሐይ ላይ ተገልጦ የቆየውን የተናኘን ሐምራዊ ጠርሙስ ቀስ ብላ ጋረደችው። ያ ፈሳሽ ፀሐይ ከነካው ያለ ቅጠልም ይለቃል። ተናኘ አየቻት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ከማለዳ ጀምሮ መብራት ሲቆራረጥ ነበር፤ ማሽኑ ይሆናል ጋሽ መኩሪያ" አለች ውዳሴ።

"አይደለም!" ብላ ጮኸች ተናኘ። "ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው!"

አቶ መኩሪያ "እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው አይቼ አላውቅም" ብለው ጨበጧት። ሐቅ ወዴት! ኋላ ስጠይቃት "ቦታዬን ወሰደች፣ ስሜን ወሰደች፤ ደግነቱንም ለብቻዋ ትውሰደው?" ነው ያለችኝ።

እጇ ከአለቃችን እጅ ሳይላቀቅ አንገቷን ወደ ውዳሴ አዞረች፤ እስቲ ትቀና እንደሆን ልታይ። ውዳሴ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ከልቧ ታጨበጭብላት ነበር።

ተናኘ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።