የምርቃት መብራት

ባሌን ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ስድብ አይደለም፣ መተዳደሪያው ነው። ሰዎች መጽሐፍ ጮክ ብለው እያነበቡ የሚቀዱትን ድምፅ እቤት ቁጭ ብሎ ያጠራል፤ ሳሉን፣ ምራቅ መዋጡን፣ የወንበሩን ሲጢጥታ አንድ በአንድ እየለቀመ ያወጣል። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርነው፣ ሁለት ሴት ልጆች የዳርነው በእነዚያ ጆሮዎች ነው።

ይኸው ሰው ከሦስት ወር በፊት አንድ ጠዋት «ጆሮዬ ይጮሃል» አለኝ።

«ማን እያማህ ይሆን?» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ቀጭን ነው አለ፣ እንደ ትንኝ። ያረጀው ኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ፋኖቹ ሲዞሩ ያፏጫሉ፤ የእነሱ ይሆናል ብሎ ሲያጠፋው ግን ጩኸቱ ግማሽ ሰዓት አብሮት ይቆያል። ከማሽኑ ይሁን ከራሱ መለየት አቃተው። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው «መጀመሪያ ማሽኑ ይመርመር» እያለ አሻፈረኝ አለ። ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ሁለታችንም ከፈራን ቤቱን ማን ይይዘዋል ብዬ ስቀልድ እውላለሁ። በመጨረሻ ድምፅ የማይሰማበት ኮምፒውተር በገዛ እጁ ሊገጣጥም ቆረጠ። ጸጥ ባለ ማሽን ፊት ተቀምጦ ጩኸቱ ከቀረ ተመስገን፤ ካልቀረ ሥራው አበቃ።

ተያይዘን የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ሄድን። ማሽኑ የሚገጠምባቸው ሳጥኖች፣ ኬዞቹ፣ ሁሉ ጎናቸው መስታወት ነው፤ ውስጣቸው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሚያበሩ ፋኖች ይዞራሉ። እኔ ደስ አሉኝ፣ ምን አስዋሸኝ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው።

«መብራት የሌለው የላችሁም?» አላት ሻጯን።

«ኧረ ጋሼ፣ ያለ መብራትማ እንዴት ይሠራል?» ኤሌክትሪኩን ያለ መስሏት ነው።

«የሚያብለጨልጨውን ማለቴ ነው።»

«ውይ! ሰው እኮ እሱን ብሎ ነው የሚገዛው።»

ብዙ ካገላበጠች በኋላ ከጓዳ አንድ ወፍራም ጥቁር የብረት ኬዝ ጎትታ አወጣች። ገዢ አጥቶ አቧራ ጠጥቷል፤ ግድግዳው በውስጥ በኩል ስፖንጅ ተለብጧል። አንኳኳው። ዱብ አለ እንጂ አልጮኸም። «ይኼ ነው» አለ። ፋን ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሻጯ ትንንሾቹን አቀረበች፤ እሱ ሰሃን የሚያካክሉ ሦስት ትልልቆች መረጠ።

«ትንሹ ያንኑ አየር ለመግፋት መሮጥ አለበት፤ የሮጠ ደግሞ ያለከልካል። ትልቁ ቀስ ብሎ ቢዞር ይበቃዋል።»

«እኔንም ያገባኸኝ በዚህ ሂሳብ ነው?» አልኩት፣ ወገቤን ይዤ። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

እሱ ኬዙን ተሸክሞ ሲወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። «ይኼን ሁሉ ገዝተን ዝም ብለሽ ልትሸኚን ነው? መርቂልን እንጂ!» አልኳት። አንድ የሚያበራ ገመድ ከነሪሞቱ መረቀችልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲገጣጥም ዋለ። ሁለቱ ፋኖች ከፊት አየር ያስገባሉ፣ አንዱ ከኋላ ያስወጣል። ጨርሶ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ገመዴን ከጠረጴዛው ጀርባ ለጠፍኩት፤ መሰኪያውን ግድግዳው ላይ ሰካሁና በሪሞቱ አብርቼ አጠፋሁት። ሥራው ሲቃናለት አብርቼ ላስደንቀው ነው።

መጣና ማሽኑን ከፈተ። ከኋላ እጄን ሳስጠጋ ነፋሱ ይሰማኛል፤ ድምፅ ግን የለም። «እሰይ!» ልል አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት። ማሽኑን አጠፋው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ።

«አለ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ማሽኑ ጠፍቶም አለ። እኔው ነኝ።»

ጉልበቱ ላይ ያስቀመጣቸውን እጆቹን ያያል። ቢያንስ ትንሽ ነገር ደስ ይበለው ብዬ ሪሞቱን ተጫንኩት፤ ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ።

ቀና አለ። «ምን አደረግሽ? ተለወጠ።»

«ምኑ ተለወጠ?»

«ጩኸቱ! ቀጠነ።»

መቼ ከጠረጴዛው ሥር እንደገባሁ አላውቅም። ይኼን የሚያህል ገላ እዚያ መግባቱ ራሱ ጉድ ነው። መሰኪያውን በእጄ ስይዝ ሞቋል። ነቀልኩት።

«ጠፋ» አለ ባሌ።

ለካ ምርቃት ብዬ እርግማን ሰክቼበት ኖሯል! መብራቱ ቢጠፋም መሰኪያው ሲጮህ ነበር፤ ለእኔ ጆሮ አልደረሰም እንጂ። ባሌ ግን እንዲህ በቀላሉ አላመነም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ሰክተሽ ንቀይ፣ አትንገሪኝ» አለኝ። ስሰካ «አለ»፣ ስነቅል «የለም»። ሰክቼ የነቀልኩ አስመስዬ ላታልለው ሞከርኩ፤ «አለ፣ አትቀልጂ» አለኝ። አንዴም አልሳተም። ከዚያ ማሽኑን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ዝም ብለን ተቀመጥን። የቀድሞው ጩኸትም የለም፤ የአሮጌዎቹ ፋኖች ኖሯል፣ ከጠፉ በኋላ ጆሮው ውስጥ የሚቀረውም የእነሱ ርዝራዥ። ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፤ እኔም ሦስት ወር የያዝኩት ነገር ደረቴን ሲለቀኝ ተሰማኝ።

ወዲያው ሥራውን ጀመረ። እንዳልረብሸው ወጥቼ በሩን ዘጋሁ፤ መኝታ ቤት ገብቼም ሌላውን በር ዘጋሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አፌን በሻሼ አፈንኩና እንባዬን ለቀቅኩት፣ ትንፋሼ እንኳ እንዳይሰማ እየተጠነቀቅኩ።

«ኧረ አታልቅሺ» አለኝ ከወዲያኛው ክፍል።