ለሄክተር የተነጠፈው አሸዋ

ኢና ጊሊስ በኒውዚላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ ሄክተር የሞተር ጠጋኝ ነው። ከአንድ አብራሪ ጋር ከሲድኒ ተነስቶ ባሕሩን በአውሮፕላን ሊሻገር ሲወስን፣ ለእሷ የተወላት ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሲሸሽ የሚወጣው ጠንካራ አሸዋ ማረፊያቸው ስለሆነ፣ ከሰማይ እንዲታያቸው ነጭ አንሶላ ታነጥፍበታለች።

መነሳታቸው አንድ ቀን ማታ በሬዲዮ ተነገረ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲሸሽ መንደሩ በሙሉ ወደ አሸዋው ወረደ። ኢና አንሶላዎቿን ዘርግታ ጥግ ጥጉን ድንጋይ ጫነችበት።

«ባልሽ በጎማው ካቆሸሸው ራሱ ይጠበው» አለቻት ጎረቤቷ ሚስዝ ታክ።

«እሱ ካጠበውማ ነጭነቱን እርሺው» አለች ኢና። ሰዉ ሳቀ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሚስቅ አልነበረም። ሰማዩ ባዶ ነው። ባሕሩ መመለስ ጀመረ። ውሃው የፊተኛውን አንሶላ ሲነካው ኢና አነሳችና ከፍ አድርጋ አነጠፈችው። ከዚያም ቀጣዩን። ማረፊያው እየጠበበ ሄዶ ጋሪ እንኳ የማያዞር ሆነ፤ እሷ ግን ታነሳለች፣ ታነጥፋለች። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሄክተር ታላቅ ወንድም ዱጋል ብቻ ቀረ።

«ኢና፣ እስካሁን ነዳጃቸው አልቋል» አላት።

«ካለቀ ውሃው ላይ ያርፋሉ። የጎማ ጀልባ አላቸው፤ ጓሮ ውስጥ ስትነፉት አይቻለሁ።»

ዱጋል ባርኔጣውን አወለቀ። «ጀልባው እኔ ቤት ነው ያለው። ሄክተር ወደ ሲድኒ ሲሄድ ትቶት ሄደ፤ በክብደቱ ልክ ነዳጅ ልጨምርበት ብሎ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»

«አንተስ ዝም አልከው?»

«ዝም አላልኩትም። ‹አሸዋው ላይ ኢና አለችልኝ፣ ጀልባ ምን ያደርግልኛል› አለኝ።»

ውሃው ጫማዋ ውስጥ ገባ። አልተንቀሳቀሰችም።

«ሊነጋጋ ሲል ባሕሩ እንደገና ይሸሻል» አለች በመጨረሻ።

«ኢና፣ ነዳጁ እኮ—»

«ሰምቻለሁ።» ጎንበስ ብላ በጨው ውሃ የራሰውን አንሶላ አነሳችና አንዱን ጫፍ አቀበለችው። «በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ፊት ለፊት ቆመው ይጠመዝዙት ጀመር። ዱጋል ዓይኑን ወደ ባሕሩ ጥሎ ጫፉን አላላው።

«ጠበቅ አድርገው እንጂ ዱጋል» አለችው። «እንዲህ እንደራሰ ካደረ ጠዋት አይዘረጋልኝም።»